አራት ሰከንድ

ሰኔ ነው፤ ኦሳካ፤ አሥራ አንደኛ ፎቅ፤
ዝናቡ መስኮት ላይ ይጽፋል፣ ይሰርዛል ሳይደርቅ።
በወዲያ ጌም ሠሪ፣ በወዲህ ፊልም ሠሪ፣
መካከል እኔ ነኝ፣ የሰው ቃል አሻጋሪ፤
ናኦ ሺራካዋ፣ በሁለት አፍ አዳሪ።

ወይዘሮ ኦስትራንደር ከቡርባንክ መጣች፣
መቶ አርባ ገጽ ውል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፤
ትቸኩላለች እንጂ ክፉስ አይደለች፤
«ልጄ በዚህ ጌም ነው ያደገው» ብላኛለች
በአሳንሰሩ ውስጥ፣ ጠበቆቿ ሳይሰሙ።

ፊት ለፊቷ ኩራሞቺ፣ ፋኖስ ያዡን የፈጠረ፣
በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ቢሮ ወለል ላይ እያደረ
ነጥብ በነጥብ የጠቀጠቀው፤ አሥራ ስድስት ነጥብ ቁመቱ፤
አፍ ልሥራለት ቢል፣ ቦታ ያጣ ከፊቱ።

«እናቱ ማን ናት?» አለች። «ፋኖሱንስ ማን ሰጠው?
ምን አጣ? ምን ይሻል? ማንን ነው የሚበቀለው?
ያለ ቁስል ጀግና የለም፤ ሰው ትኬት አይቆርጥም፤
ዝም ያለ ፍጡር አንድ ሰዓት ከአርባ አይሸከምም።»

ተረጎምኩ። ሽማግሌው ቆየ።
የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።
ወደ እኔ ዞረች፦ «ምን አለ?»
ዝም አይነቅዝም፤ ግን በሰዓት አይታሰብም፤
በመቶ አርባ ገጽ ውስጥ አንቀጽ አልተጻፈለትም።

«እናት የለውም» አለ በመጨረሻ። «ያለው አውራ ጣት ነው።
ገደል አፋፍ ሲደርስ እሱ አይደለም የሚፈራው፤
ከውጭ ሆኖ የያዘው ልጅ ነው።
ማንም ካልነካው እስኪነጋ ይቆማል፣
ፋኖሱ ብቻ ይርገበገባል።
እናንተ ራሱ እንዲዘል ልታደርጉት ነው። ይዝለል።
ያ ልጅ ግን የት ይሂድ?»

ጠበቆቹ ሳሉ።
የአሻንጉሊት መብት፣ የቲሸርት መብት፣ የክፍል ሁለት መብት፣
ከመቶው ሰባት፣ ከሰባቱ ሩብ፣ የስም ቅደም ተከተል፣ የፊደል ቁመት፤
አራት ቀን። ቀዝቃዛ ሩዝ በሳጥን። ምላሴ ዛለ።

በአምስተኛው ቀን እርሳሷን አስቀመጠች፤
«አንድ ነገር ብቻ አትንኪ ብትለኝ፣ ምን ይሆን?» አለች።
አራት ጣት አወጣ።
«አራት ሚሊዮን» ልል ምንም አልቀረኝ።
«አራት ሰከንድ» አለ። «ገደሉ አፋፍ ላይ ይቁም።
ሙዚቃ አይኑር። ፊቱን አታሳዩ፤ ጀርባውንና ፋኖሱን።
ከዚያ የወደዳችሁትን አድርጉ፤ እናትም ውለዱለት።»

ገጽ መቶ አርባ አንድ ሆኖ ገባ።
ቫንኩቨር ያለው አርታኢ ሁለት ሰከንድ ቆረጠለት፤
ወይዘሮዋ ገጹን ይዛ፣ በርራ ሄዳ አስመለሰችለት።
ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ከእሷ አይደለም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ቡርባንክ፣ ጠባብ አዳራሽ።
ፋኖስ ያዡ ይናገራል። ይቀልዳልም።
እናቱ ሁለት ጊዜ ሞተች።
ኩራሞቺ ከጎኔ፣ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣
እንደ ታማሚ ጠያቂ በትዕግሥት ያያል።

ከዚያ ገደሉ መጣ። ድምፅ ጠፋ።
አንድ።
ከፊቴ ያለው ወፍራም ሰው ፈንዲሻውን ማኘክ ተወ።
ሁለት።
በጨለማው፣ በየወንበሩ ክንድ፣ በየጉልበቱ ላይ፣
ማንም ሳያዘው አውራ ጣት ተነሣ።
የጠበቃው። የወይዘሮዋ።
ሦስት።
የእኔም፤ ጌሙን አንድ ቀን ያልተጫወትኩት የእኔም።

ሽማግሌው በጆሮዬ አንድ ቃል ጣለ።
እሷ ከወዲያ ጎንበስ ብላ፦ «ምን አለ?»

አራት።

እጄ ሥራ ላይ ነበረ፤
አልተረጎምኩላትም።